ሴክተር ሪቪው፦ የማን ልጅ፣ በማን ገንዘብ?

የካቲት 11 ሲባል አብዛኛው አንባቢ ትዝ የሚለው የሕወሓት የምሥረታ ቀን ነው። እሱ የ1967ቱ ነው። እኛ ቤት የሚታወሰው የካቲት 11 ግን አንድ ዓመት ይቀድማል። የ1966ቱ ማለቴ ነው፤ መምህራን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ ባለታክሲዎች መኪናቸውን አቁመው የዋሉበት ሰኞ።

አያቴ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ ያኔ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። አድማውን መትተዋል። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ያንኑ ታሪክ ያነሳሉ፤ እኛም ልክ እንደ አዲስ እናዳምጣለን። አንድ ሰው ብቻ አያዳምጥም። እማማ፣ ሴት አያቴ፣ ቡናውን እየቀዱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያቋርጧቸዋል። «እናንተ መምህሮች ለደሞዛችሁ አደማችሁ። የእኔ ወንድሞች ትምህርት ቤት አጥተው ስንት ጊዜ አደሙ?» ይላሉ። ከዚያ ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ ሁለተኛው ቡና ይመጣል።

እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለሁ ስለ 1966ቱ አብዮት መንስኤ በፈተና ስንጠየቅ መልሱን በቃላችን ይዘነው ነበር። የወሎ ረሀብ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ ሴክተር ሪቪው። በነጠላ ሰረዝ ለይተን ጽፈን ማርካችንን እንቀበላለን። ረሀቡ ገብቶናል፣ ነዳጁም ገብቶናል። ያቺ ሦስተኛዋ ምን እንደሆነች ግን እኛም አልጠየቅን፣ ያስረዳንም የለም። አያቶቼ በየዓመቱ የሚጣሉት በእሷ ምክንያት መሆኑን የተረዳሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ጭቅጭቁ ደግሞ የባልና የሚስት ብቻ አይደለም። የመንግሥት ገንዘብ ለማን ልጅ ይዋል የሚል፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የአገር ጭቅጭቅ ነው።

እስቲ ከገንዘቡ እንጀምር።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ተፈሪ መኮንን ሲከተል፣ ዘመናዊ ትምህርት ከቤተ መንግሥት የሚወርድ ስጦታ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ጃንሆይ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥራ ለረጅም ዓመታት ለማንም ሳይሰጡ በራሳቸው እጅ ይዘው ቆይተዋል። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መማር ብቻ ሳይሆን ይበሉ፣ ይለብሱ፣ ያድሩም ነበር። እነዚያ ልጆች አርጅተው እንኳ ስለ ጃንሆይ ሲያወሩ የአባት ወሬ ይመስላል።

ገንዘቡ ግን ከጃንሆይ ኪስ ብቻ አልመጣም። በ1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1947) የትምህርት ግብር የሚባል አዋጅ ወጣ። ከመሬት ግብሩ ጋር አብሮ የሚሰበሰብ፣ እንደ መሬቱ ደረጃ የሚጣል ግብር ነው። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰበሰበው ለዚያው ጠቅላይ ግዛት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲውል፣ የትምህርት ቦርድም እንዲያስተዳድረው ተባለ። ባለ መሬቱ ግብሩን ወደ ጭሰኛው ሲያዞረው፣ ጭሰኛው ለማንም ሊያዞረው አይችልምና እሱው ይከፍላል።

ትምህርት ቤቱ የት ተሠራ? ከተማ። ገዥው ባለበት፣ ገበያው ባለበት፣ መኪና በሚደርስበት። አዲስ አበባ፣ ሸዋና ኤርትራ ከሌላው ቀደሙ፤ ሌላው ቦታ ከዋና ከተማው ወጣ ሲሉ ትምህርት ቤት ማግኘት ብርቅ ነበር። የእማማ አባት ገበሬ ነበሩ። በየዓመቱ የትምህርት ግብር ከፍለዋል። ደረሰኞቹን በቆዳ ከረጢት ጠቅልለው ያስቀምጧቸው እንደነበር እማማ ያስታውሳሉ፤ የግብር ደረሰኝ የመሬት ማስረጃ ስለሆነ ማንም አይጥለውም። ቅርባቸው ያለው ትምህርት ቤት ግን የአንድ ቀን መንገድ ነበር። እማማ ከተማ ከነበሩ አክስታቸው ዘንድ ተልከው አራተኛ ክፍል ደረሱ። ወንድሞቻቸው ለእርሻው ይፈለጉ ስለነበር ቀሩ።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በዩኔስኮ አዘጋጅነት እዚሁ አዲስ አበባ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1980 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ልጅ ይዳረስ ተባለ። ጉባኤው ለኛ ሰዎች ሳያፍሩ የወጡበት አልነበረም። የሦስት ሺህ ዓመት ነፃነት እያልን ስንኮራ፣ ትናንት ከቅኝ አገዛዝ የወጡ አገሮች በተማሪ ብዛት ሲበልጡን ታየ። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች መጡና በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ጀመሩ። በ1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ ተደረገ። ስዊድኖች ለትምህርት ቤት ሕንጻ ረዱ፤ የአካባቢው ሕዝብም ድርሻውን አዋጣ። ግብር የከፈለው ሕዝብ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ማለት ነው።

ይህም ሆኖ በ1966 ዓ.ም. ገደማ ዕድሜያቸው ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱት ልጆች ትምህርት ቤት የገቡት ከአምስት አንድ አይሞሉም ነበር። ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሰው ከ90 በመቶ በላይ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች በከተማው መብዛት ጀምረዋል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዓመት የሚፈጀው ብዙ የገጠር ሕፃናትን ያስተምር ነበር። ተማሪው ደግሞ በየዓመቱ «መሬት ለአራሹ» እያለ ሰልፍ ይወጣል።

«መንግሥት ለምን ሌላ ገንዘብ አያመጣም ነበር?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም ያልኩት እሱኑ ነው። መልሱ መሬት ውስጥ ነው ያለው። ሀብቱ ያለው መሬት ላይ ነበር፤ መሬቱ የተያዘው በባላባቱ፣ በመኳንንቱና በቤተ ክህነት ነው፤ ሕግ የሚያወጣው ፓርላማም የባለ መሬት ፓርላማ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ፓርላማው አለሳልሶት ነው የለቀቀው። ያም ሆኖ ጎጃም ተነሣ። የጎጃም ገበሬ ግብሩን የፈራው መሬቴን ሊለኩብኝ፣ ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ነው፤ በዚህ ልፈርድበት አልችልም። መንግሥት መጀመሪያ ጦር ላከ፣ በኋላ ግን ውዝፍ ግብር ምሮ ነገሩን አበረደ። ትምህርቱ ግልጽ ነበር። ትልልቆቹን ግብር ማስከፈል አይቻልም፣ ትንንሾቹም መረራቸው። ስለዚህ ከረጢቱ አይሰፋም። የቀረው በዚያችው ከረጢት ውስጥ ያለውን ማብቃቃት ነው።

ሴክተር ሪቪው የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

ጥናቱ የተካሄደው በ1964 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ሚኒስቴር አለበት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን አሉበት፣ የዓለም ባንክና ሌሎች የውጭ ባለሙያዎችም አሉበት። በኋላ «ፈረንጅ ያመጣብን» የተባለው ለዚህ ነው፤ በእርግጥ ብዙውን የሠሩት የራሳችን ሰዎች ናቸው። ሐሳቡ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። የቆየው 6፣ 2፣ 4 የሚባለው አደረጃጀት ይቅር። ሁሉም ልጅ አራት ዓመት ይማር፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ስሌት፣ ጤና፣ ግብርና። ዕድሜው ያለፈበት ደግሞ አጭር የሁለት ዓመት ትምህርት ያግኝ። ከአራት ዓመት በኋላ ብዙው ወደ እርሻውና ወደ ሥራው ይመለስ፤ ጥቂቱ ይቀጥል። ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ያለ ልክ አይስፉ። ወጪ እንዲቀንስ በአንድ ክፍል ብዙ ልጅ ይቀመጥ፣ መምህሩም አጭር ሥልጠና የወሰደና ደሞዙ ዝቅ ያለ ይሁን። እንዲህ ከተደረገ በፈረንጆቹ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ትምህርት ለሁሉም ሊደርስ ይችላል ነው።

መጀመሪያ ሳነበው፣ እውነቱን ልናገር፣ ከእማማ ጎን ነው የቆምኩት። ከአምስት ልጆች አራቱ ምንም በማያገኙበት አገር ለሁሉም አራት ዓመት መስጠት ምኑ ነው ክፋቱ? ለእማማ ወንድሞች ይህ ሰማይ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን አባባ ትዝ አሉኝ። አራተኛ ክፍል ላይ የሚያቆመው የማን ልጅ ነው? የሚኒስትር ልጅ አያቆምም። የነጋዴ ልጅ አያቆምም፤ የግል ትምህርት ቤት አለለት። የሚያቆመው የገበሬ ልጅ ነው፣ ከዚያም አልፎ የአባባ ልጅ ነው። የዚያን ዘመን መምህር ራሱ በአብዛኛው የድሃ ልጅ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው በመሰላሉ ወጥቶ ነው። አሁን ይሄው መምህር መሰላሉን እንዲቆርጥ፣ በዚያ ላይ ብዙ ልጅ በትንሽ ደሞዝ እንዲያስተምር ሊጠየቅ ነው። አባባ ሲናገሩ «እኔ የወጣሁበትን መሰላል ለተማሪዎቼ አውርዱ አሉን» ይላሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዛሬም ይለወጣል።

ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ግን አንድ የቀረ ነገር አለ። ሰነዱ በ1964 ዓ.ም. አልቆ ለሕዝብ የወጣው በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከአንድ ዓመት ተኩል ያላነሰ ጊዜ አለፈ። መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች ሲጠና አልተጠየቁም፤ ካለቀም በኋላ አልተነገራቸውም። ወሬ ግን አይታሸግም። የመምህር ደሞዝ ሊቆረጥ ነው ተባለ፣ የድሃ ልጅ ከአራተኛ እንዳያልፍ ታዘዘ ተባለ፣ ትምህርት በክፍያ ሊሆን ነው ተባለ። ከወሬው እውነት የሆነውን ከሐሰቱ ለመለየት ሰነዱ ያስፈልጋል፣ ሰነዱ የለም። በሙያዬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ሕዝብ መረጃ ሲከለከል ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ የራሱን ይሠራል። ሰነዱ በመጨረሻ ሲወጣ ማንም ለማንበብ ዝግጁ አልነበረም።

ጊዜውም ክፉ ነበር። የወሎ ረሀብ ተደብቆ ቆይቶ ተገልጧል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሩ በምግብና በውኃ ጉዳይ አምፆ አዛዡን አስሯል። በዓለም ነዳጅ በመወደዱ እዚህም ዋጋው ተጨምሯል። የካቲት 11 የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አድማ ጠራ፤ ሴክተር ሪቪው ይቅር፣ ደሞዝ ይሻሻል ብሎ። በዚያው ቀን ታክሲዎች ቆሙ። ተማሪው ተከተለ፣ የአንበሳ አውቶቡሶች በድንጋይ ተደበደቡ። ጃንሆይ የካቲት 16 የነዳጁ ዋጋ እንዲቀንስ፣ ሴክተር ሪቪውም እንዲዘገይ ፈቀዱ። አልበቃም። አሥመራ ላይ ሁለተኛው ክፍለ ጦር አመፀ፣ በቀናት ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል።

አባባ በዚያ አድማ ይኮራሉ። ልክ ናቸው፤ መንግሥት በድብቅ ያዘጋጀውን ዕቅድ ያለ ጠመንጃ ያስቆሙ ሰዎች ናቸው። ግን በዚያ ሰሞን የተናገረውን ሁሉ ቁጠሩት። መምህር ተናገረ፣ ተማሪ ተናገረ፣ ባለታክሲ ተናገረ፣ ወታደር ተናገረ። በ1940 ጀምሮ የትምህርት ግብር ሲከፍል የኖረው ገበሬ ምን አለ? ማንም አልጠየቀውም። ዕቅዱን ያወጡት ስለ እሱ ልጅ አወሩ፣ ዕቅዱን የተቃወሙትም ስለ እሱ ልጅ አወሩ። እሱ ራሱ ግን በሁለቱም ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። የእማማ ቅሬታ ይህች ናት፤ እሳቸው በዚህ ቃል ባይሉትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ያስገርመኛል። ሴክተር ሪቪው ወደቀ፣ ተወገዘ። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ፤ በገጠር ትምህርት ቤት ማስፋፋት ያዘ። ከ1 ሚሊዮን በታች የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን አለፈ። የእማማ ወንድሞች ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጠሩ፤ ታላቅየው ያኔ የልጆች አባት ነበር። ግን ገንዘቡ በጦርነት እየተበላ ትምህርት ቤቱ በምን ሰፋ? በፈረቃ፣ በተጨናነቀ ክፍል፣ አጭር ሥልጠና በወሰደ መምህር፣ በገበሬ ማኅበር መዋጮ። ሴክተር ሪቪው ካሰባቸው የወጪ መቀነሻዎች አብዛኞቹ ስማቸውን ሳይናገሩ ገቡ።

በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የኢሕአዴግ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት ሆነና ለሁለት ተከፈለ፤ የመጀመሪያው ዑደት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል። አራት ዓመት! የዚያ ዑደት መምህር ከተቋም በአጭር ሥልጠና በሰርተፍኬት የሚወጣ ነው። ልዩነት አለ፣ አልክድም። መሰላሉ አራተኛ ላይ አልተቆረጠም፤ እስከ አሥረኛ ክፍል በነፃ ተባለ። በ1987 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2002 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከነዚያ 15 ሚሊዮን ውስጥ አንዷ እኔ ነኝ። አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጨናንቀን ነው የተማርነው፤ ለመጻፍ ተራ እንጠብቅ ነበር፤ አንዷ ክርኗን ስታነሣ ሌላዋ ትጽፋለች። መምህራችን ስማችንን ሳያውቁ ዓመቱ ያልቅ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። እኔ ያቺ ወንበር ነው ትዝ ያለችኝ።

አዲሱ ፖሊሲ ወደ 6፣ 2፣ 4 መልሶናል። አዎ፣ ሴክተር ሪቪው ሊያፈርሰው ወደ ነበረው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ «ትምህርት ለትውልድ» የሚባል ንቅናቄ ተጀመረ፤ ሕዝቡ በገንዘብ፣ በጉልበትና በቁሳቁስ እያዋጣ ትምህርት ቤቶችን እንዲያሻሽል ተጠየቀ። መዋጮን አልቃወምም። አባቴ ከፍሏል፣ ጎረቤቶቻችን ከፍለዋል። ይሁን እንጂ ከበጀቱ ስንቱ ለትምህርት ቤት፣ ስንቱ ለሌላው እንደሚውል በአደባባይ ሳንከራከር መዋጮ ብቻ ሲመጣብን፣ የእማማ አባት ከረጢት ትዝ ይለኛል። እሳቸውም በጊዜያቸው በጎ ፈቃድ አልጎደላቸውም ነበር።

ባለፈው የካቲት የሴክተር ሪቪውን ፎቶ ኮፒ ይዤ ቤት ሄድኩ።

«አባባ፣ ያኔ ይሄን አንብበውታል?» አልኳቸው።

«የቱን?»

«ሴክተር ሪቪውን። ያደማችሁበትን።»

መነጽራቸውን አደረጉና የመጀመሪያውን ገጽ ረጅም ጊዜ አዩት። «አላነበብኩትም» አሉ። «ማን ሰጥቶን ልጄ? ያነበበ ሰው ነገረን፤ ለእሱም ያነበበ ሰው ነግሮት ይሆናል።»

እማማ ሳቁ። እኔ የሚያስቅ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም። አባባ ግን አልተቆጡም። እርሳስ አምጪልኝ አሉኝ። የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙ ዓይነት ዳር ዳሩን ምልክት እያደረጉ፣ አንዳንዴ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ አንዳንዴ «ይሄማ ልክ ነው» እያሉ ማንበብ ጀመሩ። ስለ መምህራን ደሞዝ የሚያወራውን ቦታ ፈልገው አስቀደሙ፤ እሱን አልደበቁም።

«ስለ እኛ አገር ምን ይላል?» አሉ እማማ ሲኒ እያነሡ።

«ቆይ፣ ገና አልደረስኩም» አሉ አባባ።